ስክሪኑ ላይ ያለው ቮልቴጅ የማን ነው?

ጥር የሰርግ ወር ነው። በዚህ ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ እንቅልፍ የማያገኙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሙሽራዋና ቪዲዮ ቀራጩ። ከቀራጮቹ አንዱ ዴስክቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ መጣ። "ጋሼ፣ ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ ግማሽ ላይ ጥፍት ይልና እንደገና ይነሳል" አለኝ።

ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ነው፤ ባለ 6 ኮር፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ፊደል ያለበት። ኬ ማለት ማባዣው አልተቆለፈም፣ ፍጥነቱን መጨመር ይቻላል ማለት ነው። ልጁም ጨምሯል። 4.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሰቅሎታል።

"ቮልቴጁስ?" አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ከስክሪኑ ላይ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ። 1.248 ይላል። "ባዮስ ላይ 1.25 ሰጥቼዋለሁ። ሶፍትዌሩም ይኸው። ሥራ ሲበዛበትም ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ሌላ ነው ጋሼ።"

ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ ነው። መልቲሜትሬን አወጣሁ። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 1.245 አካባቢ አነበብኩ። ሬንደሩን ስናስጀምር ወደ 1.13 ወረደ። ስክሪኑ ግን አሁንም 1.248 እያለ ነው። ልጁ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መልቲሜትሩን ያያል።

"የቱ ነው የሚዋሸው?"

አንዳቸውም አልዋሹም። ስክሪኑ ያሳየው ፕሮሰሰሩ የጠየቀውን ነው። መልቲሜትሩ ያሳየው የደረሰውን ነው። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተሰጠው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጥ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ በጨለማ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ቮልቴጅ ለምን ይነካል የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በፍጥነት እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ከተፈለገ ገፋ የሚያደርጋቸው ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ካነሰ ስሌት ይሳሳታሉ፤ ኮምፒውተሩ ይደርቃል ወይም ይጠፋል። ከበዛ ደግሞ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚጨምረው ደግሞ በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ለምሳሌ ከ4.3 ወደ 4.9 ጊጋኸርዝ ለመሄድ ከ1.20 ወደ 1.35 ቮልት አነሳችሁ እንበል። ፍጥነቱ የጨመረው 14 በመቶ ገደማ ነው። ኃይሉ ግን ወደ 44 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር 50 ሚሊቮልት ቀላል ቁጥር አይደለም። እየተሳሳታችሁ የምታነቡት ደግሞ 100 ሚሊቮልት ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ማሽን እንመለስ። 115 ሚሊቮልት የት ጠፋ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። እናት ምጣዱን ስትሰካ ሳሎን ያለው አምፖል ፈዘዝ ይላል። መብራቱ ከፖሉ እስከ ቤት በቀጭን ሽቦ ነው የሚመጣው። ሽቦው ትንሽም ቢሆን ይቋቋማል። ብዙ ከረንት ሲጎተትበት መንገድ ላይ ቮልቴጅ ይበላል። ምጣዱ ሲነቀል አምፖሉ ቦግ ይላል።

እንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። ፕሮሰሰራችን ሬንደር ሲያደርግ የሚበላው 150 ዋት ብቻ ቢሆን፣ በ1.2 ቮልት ሲካፈል 125 አምፒር ይሆናል። ልብ በሉ፤ በጥፍር የምታህል ቺፕ ከእንጀራ ምጣድ ሰባት ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ከረንት ትጎትታለች። እኔ ራሴ ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜዋለሁ። 125 አምፒር በአንድ ሚሊኦም መንገድ ላይ ሲያልፍ 125 ሚሊቮልት ይጠፋል። አንድ ሚሊኦም ማለት የኦም አንድ ሺህኛ ነው። የልጁ 115 ሚሊቮልት ሌባ አልወሰደውም፤ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

የሚገርመው ይህ መውረድ ስህተት አለመሆኑ ነው። ኢንቴል ራሱ ሆን ብሎ መስፈርቱ ውስጥ ያስገባዋል። ለዚህ ባለ 6 ኮር 8ኛ ትውልድ 2.1 ሚሊኦም፣ ለ10ኛው ትውልድ ባለ 10 ኮር ደግሞ 1.1 ሚሊኦም ነው። ሎድላይን ይሉታል። ለምን? ምጣዱ ሲነቀል አምፖሉ ቦግ እንደሚለው፣ ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ በድንገት ሲያቆም ቮልቴጁ ወደ ላይ ይዘልላል። ሥራ ላይ እያለ ዝቅ ብሎ ከቆየ ዝላዩ ከልክ አያልፍም። ካልወረደ ግን ከተፈቀደው በላይ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ ስለ ፕሮሰሰር ቮልቴጅ ስናወራ ሦስት ቁጥሮች እንዳሉ እንወቅ። አንደኛው እናንተ ባዮስ ውስጥ የጻፋችሁት ነው። ሁለተኛው ቪአይዲ ይባላል፤ ፕሮሰሰሩ ለማዘርቦርዱ "ይህን ያህል ስጠኝ" ብሎ የሚልከው ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ቪኮር፣ በትክክል የደረሰው ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እያየ ሦስተኛውን ያየ ይመስለዋል። ልጁ የተሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ሶፍትዌር ለምሳሌ እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት አንዱን ወይም ሌላውን ያሳያል። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ከጎኑ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ቪአይዲ ካለ ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሥራ ሲበዛም ሲቀንስም ቅንጣት የማይንቀሳቀስ ቁጥር ካያችሁም ጠርጥሩ። እውነተኛ ቪኮር ይንቀሳቀሳል።

ሦስተኛውን ቁጥር ብታገኙትም ጣጣው አላለቀም። የት ቦታ ተለካ?

እንደገና ቤታችን እንግባ። ቆጣሪው ጋ ስትለኩ 220 ነው። ኩሽና ያለው ሶኬት ላይ 205 ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርድም እንዲሁ ነው። የፋን ፍጥነት፣ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያነብ አንዲት ቺፕ ቦርዱ ላይ አለች። ሱፐር አይኦ ትባላለች። አብዛኛውን ጊዜ ኑቮቶን ወይም አይቲኢ የሚል ጽሑፍ አለባት። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች "ቪኮር" ብለው የሚያሳዩት የእሷን ንባብ ነው። ሽቦዋ ከየት እንደተሳበ የሚወስነው ግን ቦርዱን የሠራው ነው። አንዳንዱ ከኃይል ማከፋፈያው አጠገብ ይስበዋል። አንዳንዱ ከሶኬቱ ጀርባ። በጣም ጥሩዎቹ ከቺፑ ከራሱ ውስጥ።

ከሶኬቱ ጀርባ የተነበበ ቁጥር፣ ከባድ ሥራ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ በሶኬቱ እግሮችና በፕሮሰሰሩ ሰሌዳ ውስጥ የሚጠፋውን አላየማ። ስለዚህ ጓደኛችሁ "እኔ በ1.30 ነው የማሠራው" ቢላችሁና የእናንተ ቦርድ በሌላ ቦታ የሚለካ ከሆነ፣ የሱ 1.30 እና የእናንተ 1.30 አንድ አይደሉም። ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ። ከሰው የተቀዳ ሴቲንግ የማልወደው ለዚህ ነው።

ሱፐር አይኦ ሌላም ዐመል አላት። ደረጃ በደረጃ ነው የምትቆጥረው። አንዳንዷ በ8፣ አንዳንዷ በ16 ሚሊቮልት ትዘላለች። 1.232፣ 1.248፣ 1.264 እያለች ትሄዳለች። መሃል ላይ ያለውን አታውቅም። በመለኪያዋ ላይ የፋብሪካ ስህተት ሲጨመርበት፣ የሦስተኛውን ዴሲማል አሃዝ እያዩ መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው።

የተሻለ ምንጭ አለ። ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ የሚሠራው መቆጣጠሪያ ራሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ መልሶ መናገርም ይችላል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ ቦርዱ ከፈቀደ ይህን ንባብ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ "ቪአር ቪአውት" በሚል ረድፍ ላይ ታገኙታላችሁ። በኤኤምዲ ራይዘን ደግሞ "ኤስቪአይ2 ቲኤፍኤን" የሚለውን ረድፍ ፈልጉ፤ አዳዲሶቹ ላይ "ኤስቪአይ3" ሆኗል። እነዚህ ካሉ ሌላውን ተዉት።

ሁለት ሦስት ማንበቢያ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማወዳደር ብልህነት ይመስላል። አይደለም። ሁሉም የሚጠይቁት አንዷን ቺፕ ነው። እየተሻሙ ሲጠይቋት መልሱ ይደበላለቃል። ከዚያ "ከፍተኛ" በሚለው ዓምድ ላይ 2.8 ቮልት አይቶ ልቡ የሚቆም አለ። 2.8 ቮልት በእርግጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያንን ቁጥር የሚያነብበት ኮምፒውተር አይኖረውም ነበር። አንዱን ብቻ ክፈቱ።

ጊዜም አለ። ኤችደብሊውኢንፎ ካልነካችሁት በየ2 ሰከንዱ አንዴ ነው የሚያነበው። ቮልቴጁ ወርዶ የሚነሳው ግን በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ነው። በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ በሰዓት አንዴ ዓይኑን ቢገልጥ ማን ገባ ማን ወጣ ሊል ነው? "ዝቅተኛ" እና "ከፍተኛ" የሚሉት ዓምዶችም ካየው ውስጥ ነው የሚመርጡት። ያንን ፈጣን ዝላይ ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ለሰርግ ቪዲዮ ሲባል ኦሲሎስኮፕ ግዙ አልልም። ነገር ግን ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ዝላዩን ካነሳን፣ ባዮስ ውስጥ ሎድላይን ካሊብሬሽን የሚባል ነገር ታገኛላችሁ። የሚሠራው ቀላል ነው፤ ሥራ ሲበዛ የሚመጣውን መውረድ ይቀንሳል። ልጁ ይህን ሳይነካ ነበር የተወው። ብዙዎች ደግሞ ሲያገኙት እስከ ጥግ ይሰቅሉታል። መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ደስ ይላል። የማይታየው ሥራው ሲቆም ወደ ላይ የሚፈናጠረው ነው። እኔ መሃል ላይ ነው የምተወው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የደረጃው አቆጣጠር በየአምራቹ ይለያያል። አሱስ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ይጠነክራል። ኤምኤስአይና አስሮክ ላይ ተቃራኒ ነው፤ 1 የሚለው ከሁሉም የጠነከረው ነው። ጊጋባይት በቃል ነው የሚጽፈው። ከአሱስ ወደ ኤምኤስአይ የቀየረ ሰው "ቀስ ብዬ ከ1 ልጀምር" ብሎ ጣሪያው ላይ ሊወጣ ይችላል።

በመልቲሜትር መለካትስ? ይቻላል። አንዳንድ የኤምኤስአይና የአሱስ ውድ ቦርዶች ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ መለኪያ ነጥብ አላቸው። ካለ በሱ ተጠቀሙ። ከሌለ ፕሮሰሰሩን ከበው ከተደረደሩት ኩብ መሰል ጥቅልሎች መውጫ ላይ ማንበብ ይቻላል። ይህን ግን እጁ ለማይንቀጠቀጥ ብቻ ነው የምለው። የቀዩ ሽቦ ጫፍ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ከነካ አለቀ፤ ለተቃጠለ ቦርድ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ጫፉን በፕላስቲክ ሸፍኜ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የማስቀረው።

ጥቁሩን የት እንደምታስነኩም ልዩነት አለው። ብዙ ሰው የኬዙን ብሎን ይነካል። ያ 125 አምፒር ግን ሄዶ አይቀርም፤ በግራውንድ በኩል ይመለሳል። በመመለሻው ላይም ቮልቴጅ ይጠፋል። ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ግራውንድ ፈልጉ።

ገበያ ላይ ያለው ቢጫው ርካሽ ቴስተር፣ ዲቲ-830 የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ አይናቅም። ግን 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ከለካችሁ 1.24 ብቻ ይላችኋል። 2000ኤም ላይ አዙሩት፤ 1248 ብሎ በሚሊቮልት ይሰጣችኋል። ስህተቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ 6 ሚሊቮልት ያህል። ባትሪው ሲደክም ግን ከእውነቱ አብልጦ ማንበብ ይጀምራል። እንግዲህ 1.25 ያለውን ነገር 1.40 ብሎ ካስደነገጣችሁ መጀመሪያ ባለ 9 ቮልቷን ባትሪ ቀይሩ።

ባለ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላችሁ ግን በመልቲሜትር ለመለካት በከንቱ አትድከሙ። እኛ ጋ ያገለገለ ሆኖ በብዛት የሚመጣው እሱ ነው። በ2013 የወጣው ይህ ትውልድ ቮልቴጅ አስተካካዩን ቺፑ ውስጥ ነው የያዘው። ከውጭ ብትለኩ የምታገኙት 1.8 ቮልት ገደማ ነው። እሱ መግቢያው ነው፤ ኮሩ የሚያገኘው አይደለም። ደግሞም ከቢሮ የወጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ የተቆለፉ ናቸው፣ ኦቨርክሎክ አይሞከርባቸውም።

ልጁ ማሽኑን ሲያመጣ ብርድ ልብስ የጠቀለለበትን ሳልናገር አልቀርም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ለሰው ነው ግን። በበጋው ደረቅ ብርድና ነፋስ ሱፍ ነገር ሲፋተግ ቻርጅ ይይዛል። ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ቦርድ አትንኩ። ጋቢም ቢሆን። መጀመሪያ የኬዙን ብረት ንኩ።

ደግሞ "ስታቢላይዘር ልግዛ እንዴ?" ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለሌላ ችግር። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ያደርገዋል። ማዘርቦርዱ ደግሞ 12ቱን ወደ 1.2 ያወርደዋል። መብራቱ 200 ቢሆን 230፣ ኮሩ ጋ አይደርስም። መብራት ብልጭ ካለ ግን ሌላ ነው። የቆየው የኤቲኤክስ መስፈርት ፓወር ሰፕላይ መብራት ተቋርጦበት ቢያንስ 16 ሚሊሰከንድ እንዲይዝ ይጠይቃል። የእኛ መብራት አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይሆንም። አምፖል ብልጭ ባለበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ከጠፋ ኦቨርክሎኩን አትውቀሱ።

የአገሩ ነገር ደግሞ አለ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ብርዱ ለፕሮሰሰር ገነት ነው። አየሩ ግን ሳስቷል፤ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከር የሚገፋው አየር ቀላል ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ ይህን ይሸፍንልናል። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይግላል። ቺፕ ሲግል ከረንት ያፈስሳል፤ ያው ሥራ ብዙ ከረንት ይጎትታል፤ ቮልቴጁም ያን ያህል ይወርዳል። ንጋት ላይ ውርጭ ባለበት ሰዓት ሞክሮ "ጸድቋል" ያለ ሰው ጣርማ በርን ሲሻገር ሊያፍር ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚከታተለው ሥራ ሲበዛ ያለውን ብቻ ነው። ቮልቴጅ ራሱን እንዲያስተካክል የተተወ ፕሮሰሰር ላይ ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚመጣው ግን ሥራ ሲቀልል ነው፤ አንድ ሁለት ኮር ብቻ ፈጥኖ ሲሮጥ። ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የተቸገረው በዚህ ዙሪያ ነው። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ቺፖቹን እያስረጀ ተገኘ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. 0ኤክስ129 የተባለ ማይክሮኮድ (ከባዮስ ጋር የሚመጣ የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስተካከያ) አውጥቶ ጥያቄውን 1.55 ቮልት ላይ ገደበው። ማንም ኦቨርክሎክ ሳያደርጋቸው የተጎዱ አሉ። እነዚህን የያዘ ሰው ባዮሱን ሳያድስ አንድም ሴቲንግ ባይነካ እመርጣለሁ። ኤኤምዲም በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ቺፖች ከተቃጠሉ በኋላ፣ ኤስኦሲ የሚባለውን ሌላውን ቮልቴጅ 1.3 ላይ አስገድቧል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ፣ ቀላል ሥራ ሲሠራና ሲጨናነቅ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩን ጻፉት። ወረቀት ላይ።

ለልጁ ያደረግንለት ይህን ነው። ሎድላይኑን ወደ መሃል ደረጃ አመጣነው። ባዮስ ላይ የሰጠውን 1.25 አልነካንም። ሥራ ፈት እያለ 1.245፣ ሬንደር ላይ 1.20 ሆነ። ፍጥነቱንም ወደ 4.7 አወረድነው፤ ቅር ብሎት ነበር። የሁለት ሰዓት ሰርግ ሳይጠፋ ጨረሰ። ያሳሳተውን ረድፍ ከስክሪኑ ላይ ደብቀን ቪአር ቪአውትን አስቀረንለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሸዋ ሮቢት ደወለ።

"ጋሼ፣ 1.19 ይላል።"

"የትኛው ረድፍ ላይ?"

"ቪአር ቪአውት።"

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸው?"

"ቀን 8 ሰዓት። ሬንደሩ ኬክ የሚቆረስበት ጋ ደርሷል።"

"ሙቀቱስ?"

"84።"

"የኬዙን ጎን ክፈተውና ቀጥል" አልኩት።